አልፋማን ዓይኑን ጨፍኖ የሚዞረው ሰው

ኦሌጋሪዮ ያቺን አንዲት ቃል ባይናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሰላም ባለፈ ነበር። ግን ተናገራት፤ ያውም በስልክ፣ ያውም ለግራሲንዳ።

«አልፋማን? አልፋማን እኮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዞራት!»

እውነት ለመናገር በሰፈራችን በአልፋማ እንዲህ ያላለ ወንድ የለም። አልፋማ ውስጥ አንዱ ቅያስ ሄዶ ሄዶ ደረጃ ይሆናል፤ ደረጃው የሰው ጓሮ ይገባል፤ ጓሮው ዞሮ ዞሮ ከተነሱበት ያወጣል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው «መንገድ ጠፋኝ» ብሎ ከሚጠይቅ ሱሪውን በአደባባይ ቢያወልቅ ይሻለዋል። ሱሪውን ያወለቀውን በሳምንቱ እንረሳለታለን። መንገድ የጠየቀውን ግን ለልጅ ልጆቹ ሳይቀር እናስታውስባቸዋለን።

ግራሲንዳ የአለንቴዦ ሴት ናት። እዚያ አገሩ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ እንግዳ ገና ከሩቅ ይታያል፤ እስኪደርስ ሾርባው ይበስላል። ከኦሌጋሪዮ ጋር የተገናኙት የእሱ የወንድም ልጅ የእሷን የእህት ልጅ ያገባ ቀን ነው። ሲጨፍሩ እግሯን ረገጣት፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ደወለላት፤ ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ማታ ይቅርታ መጠየቁን አላቆመም። እሱ ሚስቱ ሞታበታለች፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል። በመጨረሻ አንድ እሁድ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «መጥተው ከእኔ ጋር ቢኖሩስ?» አላት።

«ሐብሐብ ሻጩን ጠይቀው አይገዙም፤ አንኳኩተው ነው» አለች ግራሲንዳ። «መጥቼ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሰፈሩን አያለሁ። ያውም በቅዱስ አንቶኒዮ ዋዜማ። በጣም በሚጮህበት ቀን ከቻልኩት በሌላው ቀን አያቅተኝም። በማግስቱ ባቡር ከመሳፈሬ በፊት እሺ ወይ እምቢ እልዎታለሁ።»

ያኔ ነው እንግዲህ ያቺ ቃል ከአፉ ያመለጠችው።

ነገሩ ለኦሌጋሪዮ ቀልድ አልነበረም። ሚስቱ ላውሪንዳ ከሞተች ወዲህ ሾርባውን ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ ለአንድ ሰው ወንበር መሳብ ብክነት ይመስለዋል። ከሬዲዮኑ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሬዲዮኑ ደግሞ አንድም ቀን ተሸንፎለት አያውቅም። ስለዚህ ለዚያ ቀን ጺሙን ሁለት ጊዜ ተላጨ። በበዓሉ ማታ ግቢውን ከፍቶ ሳርዲን የሚጠብሰው ቪርጊሊዮ ዘንድ ጠረጴዛ አስያዘ። እዚያው ጓዳ ውስጥ በትንሽ የሸክላ ማሰሮ የተተከለ በሶብላ ደበቀ። በዚያ ማታ ወንድ ለወደዳት ሴት በሶብላ ይሰጣል፤ ከላዩ የወረቀት አበባና ግጥም የተጻፈባት ትንሽ ባንዲራ ይሰካበታል። ቅዱስ አንቶኒዮ የጋብቻ አማላጅ ስለሆነ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል።

ጠዋት ከጣቢያው ተቀበላት። አጠር፣ ደንደን ያለች ሴት ናት፤ የገለባ ባርኔጣ አድርጋለች። ኦሌጋሪዮ ሻንጣዋን ሲያነሳ ወገቡ ጮኸ።

«ምን አለበት? ድንጋይ ይዘው ነው የመጡት?»

«ብርድ ልብሴ ነው። ራሴ የሸመንኩት፣ የሱፍ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«የሰው ቤት ብርድ አይታመንም፣ ሴኞር ኦሌጋሪዮ።»

ጠዋት ኦሌጋሪዮ ሲመራ ላየው ሰው ያስቀናል። ሻንጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ «በዚህ!» ይልና ይታጠፋል። ከመስኮት መስኮት በተወጠረው ገመድ ላይ ያ ቢጫ አበባ ያለበት አንሶላ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ፤ የወደብ ሠራተኛው ሰማያዊ ቱታ ሥር ሲደርስ ወደ ግራ፤ የኤርሜሊንዳ መንታ ልጆች ቀይ ካልሲዎች እንደ ወፍ የተደረደሩበት ጋ ደግሞ ደረጃውን ወደ ላይ። አንዴም አላመነታም። ግራሲንዳ ምን እንደሚያይ ለማወቅ እሷም ቀና አለች፤ አንድ ሰፊ የወንድ የውስጥ ሱሪ በነፋስ ተነፍቶ አየችና ዓይኗን ወደ ኮብልስቶኑ መለሰች።

«ስንት ዓመት ቢኖሩ ነው እንዲህ የሚለምዱት?»

«ይሄ የሚለመድ አይደለም፤ ከደም ጋር የሚመጣ ነው» አለ ኦሌጋሪዮ። ሲናገር ራሱም አመነው።

ቤቱ ደረሱ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ «ጎንበስ ይበሉ፤ ይሄ ጉበን ጳጳስም ቢመጣ አይምርም» አላት። እሷ ግን ከመግባቷ በፊት ወደ መስኮቱ አየች። በቅያሱ ውስጥ ካሉት መስኮቶች ሁሉ ገመዱ ባዶ የሆነው የዚህ ቤት ብቻ ነበር።

«ገመዱ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ለአንድ ሰው ልብስ ማን ገመድ ያጨናንቃል? ታች ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት እወስደዋለሁ፤ አድርቀው፣ አጥፈው ይሰጡኛል።»

ግራሲንዳ ባዶውን ገመድ ትንሽ ቆም ብላ አየችው።

ከቤቱ ፊት ለፊት ዴኦሊንዳ ትኖራለች። ደጇ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ራሷ የምታዘጋጀውን የቼሪ አረቄ፣ እኛ ዢንዣ የምንለውን፣ በትንንሽ ብርጭቆ ትሸጣለች። ወሬውን በነጻ ነው የምትሰጠው።

«ኦሌጋሪዮ! እግሯን የረገጥካት ይህቺ ናት?» ብላ ጮኸች። «አይዞሽ እህቴ፣ እኔንም በአሥራ ስምንት ዓመቴ ረግጦኛል፤ ይሽራል። ዛሬ የት የት ሊወስድሽ ነው?»

«ሰፈሩን በሙሉ» አለች ግራሲንዳ። «ዓይናቸውን ጨፍነው ነው አሉ የሚዞሩት።»

ዴኦሊንዳ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እሱ ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ትራም የነዳሁ ሰው ነኝ» አለ ኦሌጋሪዮ ቆጣ ብሎ።

«እኮ! ትራም የነዳ ሰው መንገድ አያውቅም፣ እህቴ። መንገዱን የሚያውቀው ሐዲዱ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አረቄሽን ሽጪ!»

«ማታስ የት ነው የምታድሪው?» አለች ዴኦሊንዳ፣ ስድቡን እንዳልሰማች።

«እሳቸው መኝታ ቤት፣ እኔ ኩሽና አግዳሚው ላይ» አለ ኦሌጋሪዮ ቶሎ ብሎ። «ሰፈሩ ምን ይለናል ብለን...»

«ሰፈሩማ ያለውን ብሎ ጨርሷል። ተመችቷችሁ እደሩ።»

ለምሳ ኦሌጋሪዮ ሽምብራ በደረቅ ዓሣ ሠራ። ግራሲንዳ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሙቀቱም ጥጋቡም አሸነፈውና እዚያው ወንበሩ ላይ አንቀላፋ። በእንቅልፉ ውስጥ የዴኦሊንዳ ድምፅ፣ «ልብስ አስገቡ! ከሰሉ ተያያዘ! አስገቡ!» ሲል ይሰማዋል። በየዓመቱ የሚሰማው ጩኸት ነው። የሳርዲን ጭስ አንዴ አንሶላ ውስጥ ከገባ እስከ ገና አይወጣምና የበዓሉ ከሰል ሲያያዝ ሴቶቹ ያላቸውን ሁሉ ከገመድ ያወርዳሉ። ቢጫ አበባው አንሶላ ገባ። ሰማያዊው ቱታ ገባ። ያ የተነፋውም የውስጥ ሱሪ በክብር ተጣጥፎ ገባ። በቦታቸው የወረቀት ጌጥ ተወጠረ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ቅያሱ ሁሉ አንድ ዓይነት። ኦሌጋሪዮ አንኮራፋ።

ድሮ በዚህ ማታ ክንዱን ይዛ የምትወጣው ላውሪንዳ ነበረች። እሱ ግን የሚመራው እሱ ይመስለው ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ በዓሉን ከዴኦሊንዳ ደጅ ሳይነቃነቅ ነው የሚያሳልፈው።

አመሻሹ ላይ ወጡ። ጭሱ፣ ሙዚቃው፣ ሕዝቡ፤ አልፋማ እንደ ተገለበጠ የንብ ቀፎ ሆናለች። ግራሲንዳ ባርኔጣዋን በእጇ ያዘች።

«የቪርጊሊዮ ግቢ ሩቅ ነው?»

«ሦስት እጥፋት! አፍንጫችን ሥር ነው።»

መጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ሲደርስ አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ፣ በጨለማ የሌለ ደረጃ ሊረግጥ እግሩን እንደ ሰነዘረ ሰው፣ ትንሽ ተንገዳገደ። ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ? «በዚህ» አለ፤ ድምፁ ግን ከጠዋቱ ቀጥኗል። ደረጃ ወጡ፤ ደረጃ ወረዱ፤ አንድ ቤተሰብ ራቱን በሚበላበት ጓሮ መሃል አለፉ። «መልካም ምግብ!» ብሎ ባርኔጣውን አነሳላቸው። በጓሮው በር ሲወጡ ፊት ለፊታቸው ዴኦሊንዳ ተቀምጣለች።

«ተመለሳችሁ? ሳርዲኑ እንዴት ነበር?»

«ገና አልደረስንም» አለ ኦሌጋሪዮ። «መጀመሪያ አካባቢውን እያሳየኋቸው ነው።»

«ጥሩ። አካባቢው እኔ ነኝ። ጠጡ።»

አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ተነሱ። ሁለተኛውን ዙር ኦሌጋሪዮ በፍጥነት ጀመረው፤ የሚፈጥን ሰው የሚያውቅ ይመስላልና። ግራሲንዳ ከኋላው እየተከተለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ወሬ ጀመረች።

«ባሌ አርሊንዶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥሩ ሰው ነበር። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረችው፤ መንገድ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ለሠርግ ስንሄድ ጋሪውን ይዞን ረግረግ ውስጥ ገባ። አንድ ገበሬ ዳር ቆሞ፣ 'በዚህ አይደለም!' እያለ ይጮኻል። አርሊንዶ፣ 'አውቃለሁ!' ይላል። በቅሎዋ እስከ ሆዷ ገባች። 'አውቃለሁ!' እኔ ነጭ ቀሚሴን እንደለበስኩ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። 'አውቃለሁ!' ሠርጉ ላይ የደረስነው ሙሽሮቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ ይመስለኛል።»

«አ... አዎ» አለ ኦሌጋሪዮ። «እንደዚያ ዓይነት ሰው ከባድ ነው።»

«አውቃለሁ ባይ ሁለተኛ ቤቴ አይገባም ብዬ ምያለሁ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ያው ጓሮ ደረሱ። ቤተሰቡ አሁንም እየበላ ነው። ከጠረጴዛው ራስ የተቀመጡት አዛውንት ሹካቸውን አነሱ።

«ደግሞ መጡ! ወንበር ይጨመርላቸው እንጂ!»

«አይ፣ አባቴ፣ እያለፍን ነው» አለ ኦሌጋሪዮ።

«ማለፋችሁንማ ቅድምም አይተናል።»

ከጓሮው ወጡ፤ ዴኦሊንዳ ሁለት ብርጭቆ ሞልታ ትጠብቃቸዋለች።

«ኦሌጋሪዮ፣ ወንድሜ፣ ዢንዣዬን ከወደድከው እዚሁ ቁጭ በል። ደረጃ መውጣት አይጠበቅብህም።»

ግራሲንዳ ብርጭቆዋን ጨለጠች። በባርኔጣዋ ሥር ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ኦሌጋሪዮ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። በሆዱ፣ አለቀልኝ፤ ነገ ጠዋት በባቡሯ ትሄዳለች፤ እኔም ከሬዲዮኑ ጋር እቀራለሁ፤ እያለ ነበር። አሁን ቢናዘዝ «ዓይኔን ጨፍኜ» ያለው ውሸት ይሆናል። ባይናዘዝ አርሊንዶን ይሆናል። ሁለቱንም አልወደዳቸውም። ስለዚህ ወንድ ልጅ እንደዚህ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ በሌላ አቅጣጫ ሄደ።

በሌላው አቅጣጫም ያው ጓሮ አለ። በዚህኛው ዙር በጀርባው በር ነው የገቡት። ቤተሰቡ ሐብሐብ ላይ ደርሷል። አዛውንቱ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ለግራሲንዳ ሰጧት። እሷም በጣቷ ቅርፊቱን ኳ፣ ኳ አድርጋ፣ «የበሰለ ነው» አለችና እየበላች ወጣች።

ከአንዲት ትንሽ አደባባይ ላይ ቆሙ። ከላያቸው የወረቀት ጌጡ ይንሿሿል፤ በየት በኩል እንደመጡ እንኳ ኦሌጋሪዮ እርግጠኛ አልነበረም። አንገቱን እንደ ልማዱ ቀና አደረገ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ከዚያ፣ ከአንዱ መስኮት ሥር፣ በገመዱ ጫፍ ላይ ሴቶቹ የረሷት አንዲት ቀይ ካልሲ።

«ካልሲዋ!» ብሎ ጮኸ።

ግራሲንዳ ደነገጠች። «የምን ካልሲ?»

«የኤርሜሊንዳ መንቶች ካልሲ! ደረጃው ጋ ነን! ጠዋት በዚህ በኩል ነው ያለፍነው፤ ከካልሲው ወደ ላይ፣ ከቱታው ወደ ግራ...» አፉን ከፍቶ ቀረ። ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ፤ እንደገና ወደ ላይ አየ። ስልሳ ዓመት አልፎት ዛሬ ገና የገባው ነገር ፊቱ ላይ ሲወጣ ይታይ ነበር። «የቅድስት ማርያም ያለህ! በልብስ ነው! በሕይወቴ ሙሉ በሰው ልብስ ነው ስሄድ የኖርኩት!»

«እንዴት ማለት?»

«ገብቷል እኮ፤ ሁሉም ገብቷል! ሴቶቹ ልብሱን ሲያስገቡ መንገዱንም አብረው አስገቡት!» ካልሲዋ ሥር ካለው ደረጃ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ዶና ግራሲንዳ፣ ጠፍቶኛል። ቅድምም ጠፍቶኝ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው የጠፋኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ያልኩት... ዓይኔን ከፍቼም አልቻልኩም።»

ይህን ሲል ጆሮው እንደ ካልሲዋ ቀልቶ ነበር። ግራሲንዳ የሐብሐቡን ቅርፊት በእጇ እንደያዘች ሳቋ ከሆዷ ጀምሮ መጣ፤ ግድግዳ ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ ወረደ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንቱ ስትለው ነው የዋለችው። «እኔ እኮ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነው ያወቅሁት! መቼ ይናገራል ብዬ ነው እግሬ እስኪያብጥ የተከተልኩህ። ለምን አንጠይቅም?»

«መጠየቅ? እዚህ? እኔ?»

«አንተ አትጠይቅ። እኔ የአገር ቤት ሴት ነኝ፤ ብጠይቅ አያስነውረኝም።»

በአጠገባቸው አንድ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ የውጭ አገር ወጣት ስልኩን እያየ ያልፍ ነበር። ግራሲንዳ እጅጌውን ያዘችና፣ «ቪርጊሊዮ! ሳርዲን!» አለችው። ወጣቱ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፤ ፈገግ አለ፤ «በዚህ» በሚል እጅ መራቸው። ግራሲንዳ ከጎኑ ሄደች። ኦሌጋሪዮ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ከሁለቱ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ሁሉ፣ ከኋላ ተከተለ። ሁለት ጊዜ ታጠፉ። ግቢው እዚያው ነበር፤ አፍንጫቸው ሥር።

ቪርጊሊዮ ፊቱ በከሰል ጠቁሮ ወጣ። «ኦሌጋሪዮ! የት ነበርክ? ጠረጴዛህን ለሰው ሰጠሁት፤ ሳርዲኑም አለቀ!» ከዚያ የሚመራቸውን ወጣት አየ፤ ኦሌጋሪዮንም አየ። አንደበቱ ሊከፈት ሲል ግራሲንዳ ቀደመችው።

«ይሄ ልጅ መንገድ ጠፍቶት አግኝተነው ነው» አለች። «ዳቦ የለህም?»

ዳቦ ነበረ። የሳርዲኑ ቅባት ሲንጠባጠብበት ያመሸ ዳቦና የተጠበሰ ቃሪያ፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቆመው በሉት። ኦሌጋሪዮ ቆሞ መብላት ለምዶ ነበርና አልከበደውም፤ ግን ከጎኑ ሌላ ሰው ቆሞ ሲያላምጥ ነገሩ የተለየ ነው። ለውጭ አገሩም ወጣት ዳቦ ሰጡት።

ከዚያ ቪርጊሊዮ ከጓዳ በሶብላውን አመጣ። ኦሌጋሪዮ ማሰሮውን በሁለት እጁ አቀረበላት። ግራሲንዳ፣ በሶብላን በአፍንጫ ያሸተቱት እንደሆነ ይጠወልጋል ይባላልና፣ መዳፏን በቅጠሉ ላይ አሳርፋ መዳፏን አሸተተች። ከዚያ ባንዲራዋን ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፤

በሶብላውን ውሰጅ፣ ውሃ አጠጪው ማታ፤
እኔም እጠጣለሁ፣ ከተረፈሽ ጠብታ።

«ጠብታ?» አለች። «ዴኦሊንዳ ደጅ የጠጣኸው አልበቃህም?»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ኦሌጋሪዮ ግን አልሳቀም፤ ዓይን ዓይኗን ያይ ነበር።

«ነገ ጠዋት ብያለሁ» አለች፤ «ነገ ጠዋት ነው።»

ጨፈሩ። እግሯን ረገጣት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ አልጠፋም። እግሩ ማታውን ሙሉ ወደዚያው ሲመልሰው ነው ያመሸው፤ አህያ እንኳ በረቷን አትስትም። ግራሲንዳ ከሱፍ ብርድ ልብሷ ጋር መኝታ ቤት ገባች። እሱ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ የሬዲዮኑን ጀርባ ሲያይ ነጋ።

ጠዋት ግራሲንዳ ሳትነሳ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ቅያሱ ዝም ብሏል። የሳርዲን ራስ የጠገቡ ድመቶች መንገድ ላይ ተዘርረዋል፤ ዴኦሊንዳም መስኮቷን ዘግታ ተኝታለች፤ ደጇ ላይ ያለው ባዶ ወንበሯ ብቻ ነው። ኦሌጋሪዮ ትኩሱን ዳቦ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ባቡሩን፣ እሺን፣ እምቢን እያሰበ ተመለሰ። እምቢ ብትለው ሻንጣውን እስከ ጣቢያ ይሸከምላታል፤ ያ ሻንጣ እንዲህ ከባድ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ለመሄድ ምክንያት ይሆናል።

እየተራመደ እንደ ልማዱ ቀና ይላል። ወረቀት፤ ወረቀት፤ አንድ የተሰጣ ነገር፤ ወረቀት። ቅያሱ አለቀ። ቆመ። ቤቱስ? ተመለሰ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን መስኮት እያየ። ወረቀት፤ የተሰጣ ነገር፤ ወረቀት። እንደገና ጫፍ ደረሰ። ዳቦውን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። በተወለደበት ቅያስ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዳቦ ታቅፎ፣ ቤቱ ጠፋው።

የዴኦሊንዳ መስኮት ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ፀጉሯ በመጠቅለያ ተጠቅልሏል።

«አንተ ኦሌጋሪዮ! ቤትህን ሸጠኸው ነው? ሁለት ጊዜ እኮ አለፍከው!»

«የታለ?»

«የታለ ይለኛል! ጉበኑን አታየውም?»

ኦሌጋሪዮ ዝቅ ያለውን በር አየ። የራሱ በር ነው። ከዚያ ቀና አለ። መስኮቱ ላይ፣ ላውሪንዳ ከሞተች ወዲህ ምንም ተሰጥቶበት በማያውቀው ገመድ ላይ፣ ቡናማና ቀይ መስመር ያለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በሁለት ጫፉ በእንጨት መቆንጠጫ ተይዞ፣ ግማሽ ግድግዳ ሸፍኖ ተንጠልጥሏል። ያኔ ነው ሌላም ነገር የገባው። የሌላውን ቤት ሁሉ በልብሱ ያውቅ ነበር፤ የራሱን ግን በባዶው ገመድ ነበር የሚያውቀው።

ግራሲንዳ ከብርድ ልብሱ በላይ አንገቷን አወጣች። በሶብላው ከጎኗ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ዴኦሊንዳ ከማዶ ጮኸች፤ «እህቴ! አብደሻል? በቅዱስ አንቶኒዮ ቀን ልብስ ይሰጣል እንዴ? ጭሱ ገና አልወጣም! ሳርዲን ሳርዲን ይሸትሻል!»

«ይሽተት!» አለች ግራሲንዳ። «ከእንግዲህ እኔስ ሌላ ምን ልሸት ነው?»

ዴኦሊንዳ ነገሩን በደንብ ለማየት መስኮቷን ተደግፋ ወጣ አለች። ኦሌጋሪዮ ዳቦውን አቅፎ መንገዱ መሃል ቆመ።

«ባቡሩስ?» አለ።

«ባቡሩ ሐዲድ አለው፤ አይጠፋውም» አለች። «አንተ ነህ ምልክት የሚያስፈልግህ። ና ግባ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል። በሩ ከብርድ ልብሱ ሥር ነው።»

ኦሌጋሪዮ ብርድ ልብሱን እያየ፣ አንገቱን እንዳቀና ወደ በሩ ሄደ። ጉበኑ ግንባሩን ሲያገኘው ድምፁ እስከ ቪርጊሊዮ ግቢ ተሰማ፤ ከዚያም በኋላ የግራሲንዳ ሳቅ።